ሁለተኛው ሜዳ የመጀመሪያው ቅጂ አይሁን

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ የጎልፍ ክለብ ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ አለው (ጉድጓድ የምለው ቀዳዳዋን ብቻ ሳይሆን ከመምቻው ቦታ እስከ ባንዲራው ያለውን የጨዋታ መስመር ሁሉ ነው)። ሜዳው ረጅም ነው፣ ግራና ቀኙ በዛፍ የታጠረ ነው፣ ውድድርም ይካሄድበታል። አሁን ክለቡ አጠገቡ ወደ 60 ሄክታር የሚጠጋ መሬት አግኝቷል። ግማሹ ተዳፋት ነው፣ ግማሹ ለጥ ያለ ነው፣ መሃሉን ጅረት ያቋርጠዋል። ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን "ያለን ሜዳ ተወዳጅ ነው፤ እሱኑ የሚመስል፣ እሱን የሚያክል እንሥራ" ይላል። ሌላው ደግሞ "የለም፣ ለጀማሪና ለሽማግሌ የሚሆን አጠር ቀለል ያለ ይበቃል" ባይ ነው። ጠያቂያችን የኮሚቴው አባል ናቸው። የትኛው ይሻላል፣ ለመሆኑ ሁለተኛ ሜዳ ምን ዓይነት ጠባይ ሊኖረው ይገባል ብለው ጠይቀዋል።

ቀጥታ ወደ መልሱ ልግባ። ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል፤ የተሳሳቱትም በአንድ ነገር ነው። ሁለቱም አዲሱን ሜዳ የሚለኩት በነባሩ ነው። አንዱ "እኩል" ይላል፣ ሌላው "ያነሰ" ይላል። ይህ ታናሹን ልጅ የታላቁን ልብስ እያሳጠሩ ማልበስ ነው። አዲሱ መሬት የራሱ ቅርጽ አለው። የሚጫወትበትም ሰው የራሱ ፍላጎት አለው። ሜዳው መውጣት ያለበት ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ አዲሱ ሜዳ ተጫዋቹን የሚፈትንበት መንገድ ከነባሩ የተለየ ይሁን፤ በሥራው ጥራት ግን በአንዲት ስንዝር እንኳ አይነስ። ብዙ ክለቦች የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው። ፈተናውን ያው አድርገው ጥራቱን ይቀንሱታል። ከዚያ አባላቱ ለምን ሁልጊዜ ነባሩ ሜዳ ላይ እንደሚሰለፉ ግራ ይገባቸዋል።

ታሪኩን ካየነው መልሱ ያኔም የታወቀ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ባልቱስሮል የሚባል ክለብ አለ። በ1918 ልክ እንደእናንተ ሁለተኛ ሜዳ ፈለገ። ነባሩ ሜዳው ተራ ሜዳ አልነበረም፤ ዩኤስ ኦፕን የሚባለውን የአሜሪካ ትልቅ ውድድር ሁለት ጊዜ አስተናግዷል። ሥራው ለነዳፊው ለኤ. ደብሊው. ቲሊንጋስት ተሰጠ። ቲሊንጋስት መሬቱን አየና ለክለቡ የነገረው ነገር የሚያስደነግጥ ነበር፦ ያላችሁን ሜዳ አፍርሱት፣ መሬቱን ሁሉ አንድ ላይ አድርጌ ሁለት አዲስ ሜዳ በአንዴ ልሥራላችሁ። ክለቡ ተስማማ። በ1922 ሎወር እና አፐር የሚባሉት ሁለቱ ሜዳዎች ተከፈቱ።

ቲሊንጋስት ይህን ያደረገው ለምንድነው? ነባሩ ሜዳ ባለበት ቢቀመጥ ጥሩው መሬት በእሱ ስለተያዘ ሁለተኛው በተረፈው ላይ ይሠራ ነበር። በትርፍ መሬት የተሠራ ሜዳ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ትርፍ ይሆናል። መሬቱን አንድ ላይ ሲያደርገው ግን ለእያንዳንዱ ሜዳ የሚስማማውን መስጠት ቻለ። አፐር የተራራውን ግርጌ ይዞ የሚሄድ ነው፤ ፌርዌዮቹ (ሣሩ የታጨደው የመጫወቻ መስመር) ወደ ጎን ያጋደሉ ናቸው፣ ግሪኑ (ቀዳዳዋና ባንዲራው ያሉበት አጭር ሣር) ላይም ኳሷ ከተራራው ሸሽታ ትወርዳለች፣ ዓይን ለጥ ያለ ነው ብሎ ቢያስብ እንኳ። ሎወር ሰፋ ባለ፣ ለጥ ባለ መሬት ላይ ነው፤ ርዝመትና ጉልበት ይጠይቃል። የ1936 ዩኤስ ኦፕን በአፐር ተካሄደ፣ ቶኒ ማኔሮ አሸነፈ። ከ1954 ጀምሮ ትልልቆቹ ውድድሮች ወደ ሎወር ሄዱ። ዝናው ወደ አንዱ ማጋደሉ እውነት ነው። ነገር ግን አፐርን የሚያውቅ ሰው የሎወር ታናሽ ነው አይልም፤ ሌላ ጨዋታ ነው።

እናንተ ሜዳችሁን አፍርሱ እያልኩ አይደለም። አባላቱ የሚወዱትን ነገር ማፍረስ ቀላል ውሳኔ አይደለም፣ ገንዘቡም ከባድ ነው። ግን ከቲሊንጋስት አንድ ነገር ውሰዱ፦ ነዳፊው የሁለቱንም መሬት ካርታ በአንድ ወረቀት ላይ ይይ። ምናልባት ከነባሩ ሜዳ ሁለት ወይም ሦስት ጉድጓድ ወደ አዲሱ መሬት ቢዛወር፣ በምትኩ አዲሱ ሜዳ ክለብ ሃውሱ (የክለቡ ዋና ሕንፃ) አጠገብ ጥሩ መነሻና መጨረሻ ያገኝ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሜዳ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ይጀምራል፣ መጨረሻው ከመጋዘን ጎን ያልቃል። ሰው ገና ሳይጫወት ንቆት ይወጣል።

መሬት መለዋወጥ ደግሞ ያልተለመደ ነገር አይደለም። በሰሜን አየርላንድ ሮያል ፖርትረሽ የሚባለው ክለብ ደንሉስ እና ቫሊ የሚባሉ ሁለት ሜዳዎች አሉት። ዘ ኦፕን የሚባለውን ትልቅ ውድድር በ2019 ለማስተናገድ ሲዘጋጅ የደንሉስ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጉድጓዶች ቀርተው በምትካቸው ከቫሊ በተወሰደ መሬት ላይ አዲስ 7ኛና 8ኛ ጉድጓድ ተሠሩ። እዚያ ላይ መሬት የሰጠው ሁለተኛው ሜዳ ነው። እኔ የምለው ይህ መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል።

አሁን ወደ "እሱኑ የሚመስል እንሥራ" ባዮቹ ልምጣ። እንግሊዝ ውስጥ ሳኒንግዴል የሚባል ክለብ አለ። ኦልድ የሚባለውን ሜዳ በ1901 የሠራው ዊሊ ፓርክ ጁኒየር ነው። ሁለተኛውን፣ ኒው የሚባለውን፣ በ1923 የሠራው ሃሪ ኮልት ነው። ኮልት የዚያው ክለብ የመጀመሪያ ጸሐፊ ነበር፤ ኦልድን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል፣ እያደርም አሻሽሎታል። ቅጂ መሥራት ቢፈልግ ከእሱ የተሻለ የሚችል ሰው አልነበረም። አልሠራም። ኒውን ከፍ ባለ፣ ገለጥ ባለ መሬት ላይ አኖረው። ኦልድ በዛፍ መሃል እየታጠፈ ሲያባብልህ፣ ኒው ሜዳው ላይ ብቻህን አቁሞ ቁጥቋጦውን አሻግረህ ረጅም ምታ ይልሃል። ዛሬ የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር አልቆመም። እኔ ለሁለተኛ ሜዳ ስኬት ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለኝም፦ አባላቱ መስማማት ካቃታቸው ሥራው ተሳክቷል።

የአውስትራሊያው ሮያል ሜልበርንም ትልቅ ትምህርት አለው። አሊስተር ማኬንዚ በ1926 መጥቶ ዌስት የሚባለውን ሜዳ ነደፈ፤ ሜዳው በ1931 ተከፈተ። ቀጥሎ በ1932 የተከፈተውን ኢስት የነደፈው ማኬንዚ ሳይሆን አሌክስ ራስል ነው፤ ራስል በ1924 የአውስትራሊያ ኦፕንን በአማተርነት ያሸነፈ የክለቡ አባል ነበር፣ ከማኬንዚም ጋር ሠርቷል። ሁለቱንም ሜዳዎች መሬት ላይ ያወጣው ግን አንድ ሰው ነው፣ የሣር ኃላፊው ሚክ ሞርኮም። የባንከሮቹ (በአሸዋ የተሞሉ መሰናክል ጉድጓዶች) አቆራረጥ፣ የግሪኖቹ አጣጣል፣ የአሸዋው አያያዝ የአንድ እጅ ሥራ ስለሆነ በ1959 ለካናዳ ካፕ ውድድር ከሁለቱ ሜዳዎች ጉድጓድ መርጠው አንድ የውድድር ሜዳ ሲያቀናብሩ ስፌቱ አልታየም። 12ቱ ከዌስት፣ 6ቱ ከኢስት ናቸው። ሁለቱን ሜዳዎች ያቀናበሩበት ምክንያት ተመልካቹ መንገድ እንዳያቋርጥ ነበር። ፕሬዝዳንትስ ካፕ የሚባለው ውድድርም በ1998፣ በ2011 እና በ2019 በዚህ ቅንብር ተካሂዷል።

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ የሚመሳሰለው የእጁ ሥራ ነው። ጉድጓዶቹ አንዱ የሌላው ቅጂ አይደሉም። የኮሚቴያችሁ አንደኛው ወገን ፍላጎቱ "አንድ ክለብ መሆናችን ይታወቅ" ከሆነ ትክክል ነው፣ እሱም የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። የባንከሩ ጠርዝ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ሣሩ አንድ ዓይነት ይሁን፣ የሜዳ ሠራተኞቹ ቡድን አንድ ይሁን። የጉድጓዱ አሠራር ግን ይለያይ።

የሌላው ወገን "አጠር ቀለል ያለ" ጉዳይ ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ ተሞክሯል። ሴንት አንድሩስ ላይ ኦልድ የሚባለው ሜዳ በሰው ሲጨናነቅ በ1895 ኒው የሚባለው ተከፈተ፤ አዘጋጁ ኦልድ ቶም ሞሪስ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1897፣ ጁቢሊ ተጨመረ። ጁቢሊ ሲጀመር ለሴቶችና ለጀማሪዎች ተብሎ ነው። መሬቱ ግን ለዚያ ዓላማ አልተስማማም ነበር፤ በባሕሩ በኩል ያለ የአሸዋ ጉብታ ነው፣ ነፋሱም አይጣል ነው። በ1988 ዶናልድ ስቲል እንደገና አዋቅሮት የውድድር ሜዳ ሆነ፣ አሁን ብዙ ሰው ከሴንት አንድሩስ ሜዳዎች ሁሉ ከባዱ እሱ ነው ይላል። "ለደካሞች" ተብሎ የተጀመረው ማለት ነው። መሬቱ መጨረሻ ላይ የራሱን ጠባይ ማውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ከመሬቱ ጋር የማይሄድ ዓላማ በስብሰባ አትወስኑ።

በዚያ ላይ "ለጀማሪ" የሚባለው ሜዳ አሠራር አብዛኛውን ጊዜ ስድብ ነው። ግሪኑ ክብ፣ ትንሽ፣ ጠፍጣፋ ይሆናል። ባንከር አይኖረውም ወይም አንድ ቦታ ላይ ትርጉም የሌለው ጉድጓድ ይቆፈራል። ጀማሪ ሰው እኮ ማሰብ የማይችል ሰው አይደለም። እጁ ነው ያልሰለጠነው። ዓይኑና ጭንቅላቱ እንደማንኛውም ተጫዋች ጥሩ ነገር ይፈልጋል። ለእሱ ማቅለል ያለብን የኳሷን ፍለጋና ቅጣቱን ነው፤ ጨዋታውን አሰልቺ ማድረግ የለብንም።

ታዲያ የእናንተ ሁለተኛ ሜዳ ምን ይምሰል? ነባሩ ምን እንደሚጠይቅ እንይ። ረጅም ነው፣ ግራና ቀኝ ዛፍ ነው። ስለዚህ ከቲ (ጉድጓዱ ከሚጀመርበት መምቻ ቦታ) ላይ በድራይቨር (ሩቅ በሚመታው ዱላ) ቀጥ አድርጎ መምታት የቻለ ሰው ይገዛዋል። ያልቻለ ዛፍ ውስጥ ኳስ ሲፈልግ ይውላል። አዲሱ እንግዲህ ከቲ ላይ ሰፊ ይሁን። ብዙ ሜዳዎች ላይ ፌርዌይ ወደ 30 ሜትር ይሰፋል፤ እዚህ 45 ወይም 50 ሜትር አድርጉት። ኳስ አይጥፋ። ሰው ደስ ብሎት ይምታ።

ግን ስፋቱ ዋጋ ይኑረው። ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ስለሚስተው ረጋ ብዬ ላስረዳ። ግሪኑ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ከሆነና አንደኛውን ጎኑን ባንከር ከያዘው፣ ፌርዌዩ ላይ ግራ ዳር የቆመ ሰውና ቀኝ ዳር የቆመ ሰው አንድ ዓይነት ሁለተኛ ምት አይኖራቸውም። አንዱ ግሪኑ ተከፍቶለት መሬት ለመሬት አንከባሎ ማስገባት ይችላል። ሌላው ባንከሩን አሻግሮ፣ ከእሱ በሚሸሽ ተዳፋት ላይ ማቆም አለበት። ሁለቱም ፌርዌይ ላይ ናቸው፣ ማንም አልተቀጣም፣ ግን አንዱ አስቦ መትቷል። ይህ ዓይነቱ ሜዳ ጀማሪውን አያሰቃየውም፣ ጎበዙን ደግሞ እንቅልፍ ይነሳዋል። ኮሚቴያችሁ ውስጥ ያሉትን ሁለት ወገኖች የሚያስታርቀው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በቁጥርም ይታያል። የሜዳ ክብደት የሚለካው በሁለት ቁጥር ነው። ኮርስ ሬቲንግ ለጎበዙ፣ ዜሮ ሃንዲካፕ (የተጫዋቹን ችሎታ የሚለካ ቁጥር፤ ሲያንስ ጎበዝ ነው) ላለው ተጫዋች ምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራል። ስሎፕ ሬቲንግ ደግሞ ሜዳው ከጎበዙ ይልቅ መካከለኛውን ተጫዋች ምን ያህል አብልጦ እንደሚጎዳው ነው የሚናገረው። ከ55 እስከ 155 ይሄዳል፣ መነሻ ተብሎ የተያዘው 113 ነው። ብዙ ክለብ በከፍተኛ ስሎፕ ይኮራል። እኔ አልገባኝም። ከፍተኛ ስሎፕ ማለት እኮ ሜዳው የሚጨክነው በደካማው ላይ ነው ማለት ነው። ለአዲሱ ሜዳ ነዳፊያችሁን የምትጠይቁት የዚህን ተቃራኒ ይሁን፦ ኮርስ ሬቲንጉ ከነባሩ ብዙ ያልራቀ፣ ስሎፑ ግን በግልጽ ዝቅ ያለ።

ወደ መሬቱ እንሂድ። ተዳፋቱን አትፍሩት፣ ሀብታችሁ እሱ ነው። የሚያስፈልገው ጉድጓዶቹ አቀበቱን ፊት ለፊት እንዳይወጡት ነው። አቀበት የሚወጣ ጉድጓድ ግሪኑ አይታይም፣ እግር ያደክማል፣ ኳሷም ትወርዳለች። ጉድጓዶቹ ተዳፋቱን በአግድም ይሂዱ ወይም በሰያፍ ቀስ እያሉ ይውጡ። የባልቱስሮል አፐር ያስተማረን ይህንን ነው። ፌርዌይ ወደ ጎን ካጋደለ ደግሞ ከላይኛው በኩል የበለጠ ስፋት ስጡት፣ ምክንያቱም ሁሉም ኳስ ወደ ታች ይንከባለላል፤ ሥራውን የሚያውቅ ተጫዋች ከላይ አሳርፎ መሬቱ ራሱ ወደ መሃል እንዲያመጣለት ያደርጋል። እንዲህ ያለ ምት ሲሳካ የሚሰጠውን ደስታ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ አታገኙትም።

ጅረቱ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነዳፊ ሁሉ ውሃ ሲያይ ግሪን ፊት ሊያስቀምጠው ይሮጣል። ፎቶው ያምራል። ነገር ግን ግሪን ፊት ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ ውሃ አጭር ለሚመታ ሰው ግድግዳ ነው፤ ምርጫ የለውም። ጅረቱ ፌርዌዩን በሰያፍ ቢያቋርጥ ይሻላል። ደፋሩ በረጅሙ በኩል አሻግሮ ወደ ግሪኑ ይቀርባል፣ ፈሪው በአጭሩ በኩል ይሻገርና ሩቅ ይቀራል። ሁለቱም ተሻገሩ። ጅረቱ 4 ወይም 5 ጉድጓድ ላይ በተለያየ አቅጣጫ ቢገባ በቂ ነው። ዳርቻውን በድንጋይ አትገንቡት፣ በክረምት የሚሰፋበት ቦታ ተዉለት። ግሪንና ቲ ደግሞ ጎርፉ ከሚደርስበት ከፍታ በላይ ይቀመጡ።

60 ሄክታር ለ18 ጉድጓድ ይበቃል ወይ? ይበቃል፣ ግን አይተርፍም። አብዛኛው ባለ 18 ሜዳ ከ50 እስከ 70 ሄክታር ይወስዳል። ጎርፍ የሚተኛበትን ከቀነሳችሁ ጠባብ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ በደህንነት ቀልድ የለም። እኔ ከጉድጓዱ መሃል መስመር እስከ ክለቡ አጥር ከ60 ሜትር በታች አልቀበልም፣ ማዶው መንገድ ወይም ቤት ከሆነ ደግሞ የበለጠ እፈልጋለሁ። ቦታ ከጠበበ ጉድጓድ ማጨናነቅ ሳይሆን ርዝመት መቀነስ ነው መፍትሔው።

ርዝመትን ደግሞ ሰው እንደ ክብር ይቆጥረዋል። ከነባሩ ሜዳ ቢያጥር ምን ይሆናል? የእንግሊዙን በርክሻየር ክለብ እዩት። ሬድና ብሉ የሚባሉትን ሁለት ሜዳዎቹን በ1928 የሠራው ኸርበርት ፋውለር ነው። ፓር ማለት ጎበዝ ተጫዋች ጉድጓዱን ይጨርስበታል ተብሎ የሚጠበቀው የምት ቁጥር ነው፤ ሬድ 6 ፓር 3፣ 6 ፓር 4፣ 6 ፓር 5 ነው ያለው። ብሉ ደግሞ በፓር 3 ይጀምራል። "እንዲህ ተደርጎ አይሠራም" የሚባለውን ሁለቱንም አድርገውታል፣ ሰው ግን ከሩቅ አገር ሄዶ ይጫወትባቸዋል። እናንተም ተዳፋቱ ላይ አምስት ጥሩ ፓር 3 ከተገኘ አምስቱንም ውሰዱ። ፓር 72 እንዲሞላ ብሎ ደካማ ጉድጓድ መጨመር ከንቱ ነው። ፓሩ 70 ወይም 69 ቢሆን ማንም አይሞትም።

ኒው ዮርክ ያለውን ዊንግድ ፉትንም አስቡ። ዌስትና ኢስት የሚባሉትን ሁለቱንም ሜዳዎች ያው ቲሊንጋስት ሠርቷቸው በ1923 ተከፍተዋል። ዩኤስ ኦፕን የሚሄደው ወደ ዌስት ነው፣ በ2020ም እዚያ ነበር። አጠር ጠበብ ያለው ኢስት ግን በ1957 እና በ1972 የሴቶችን ዩኤስ ኦፕን፣ በ1980 ደግሞ የመጀመሪያውን የሲኒየር ዩኤስ ኦፕን አስተናግዷል። አጭር ሜዳ ከተራቀቁበት ትልቅ ውድድር ይሸከማል።

የቲ ጉዳይ ላይ ሳንቲም አትቆጥቡ። በአሜሪካ የጎልፍ ማኅበራት ያወጡት ቲ ኢት ፎርዋርድ የሚባል መመሪያ አለ። ከቲ ላይ በድራይቨር በአማካይ 250 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) የሚመታ ሰው ከ6,200 እስከ 6,400 ያርድ በሚረዝም ሜዳ ይጫወት ይላል። 200 የሚመታ ከ5,200 እስከ 5,400። 150 የሚመታ ደግሞ ከ3,500 እስከ 3,700 ያርድ። የመጨረሻውን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት። አብዛኛው ክለብ ውስጥ ለእነዚህ ሰዎች የተሠራ ቲ የለም። "የፊት ቲ" የሚባለው ራሱ 5,000 ያርድ ይሆንና አንዲት አዛውንት እናት ፓር 4 ላይ በሦስት ምት ግሪን አይደርሱም። ቲዎቹ ነባር ቲ ፊት የተጣለ ምልክት ብቻ አይሁኑ። ተደልድለው፣ ለብቻቸው ተሠርተው፣ ከእነሱ ላይ የሚታየው እይታም ታስቦበት ይቀመጡ። ለአዲሱ ሜዳ አራት ቲ በየጉድጓዱ፣ ከ3,600 ጀምሮ እስከ 6,400 ያርድ ድረስ፣ ከበቂም በላይ ነው። 7,000 ያርድ የሚፈልግ ሰው ነባሩ ሜዳ አለለት።

ባንከር ይቀንስ። እያንዳንዱ ባንከር ሠራተኛ ይፈልጋል፣ አሸዋ ይፈልጋል፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጥገና ይፈልጋል። ተዳፋት ስላላችሁ መሬቱ ራሱ ብዙውን ሥራ ይሠራላችኋል። የሚቀሩት ባንከሮች ግን ወሳኝ ቦታ ላይ ይሁኑ፣ ማለትም ጥሩው ተጫዋች ኳሱን ሊያሳርፍ የሚመኝበት ቦታ አጠገብ። 120 ሜትር ላይ፣ ጀማሪ ብቻ የሚወድቅበት ቦታ የተቆፈረ ባንከር ካያችሁ ዝጉት።

ግሪኖቹን በተመለከተ እዚህ ነው ገንዘቡ የሚፈሰው፣ መፍሰስም አለበት። ውሃ የማያሳልፍ ግሪን በዝናብ ወቅት ኩሬ ይሆናል። ጥሩ አሠራር የሚባለው ከታች የውሃ መውረጃ ቧንቧ፣ ከላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር የተመረመረ የአሸዋ ድብልቅ ነው። የመሬታችሁ አፈር በተፈጥሮው አሸዋማ ከሆነ ይህ ሁሉ ላያስፈልግ ይችላል፣ ያ በምርመራ ይታወቃል። ሰፊ ፌርዌይ ካላችሁ የግሪኖቹ ቅርጽ ደፋር ይሁን፣ ምክንያቱም የፌርዌዩን ስፋት ትርጉም የሚሰጠው ግሪኑ ነው። ደፋር ማለት ግን እብድ ማለት አይደለም። ሣሩ አጭር ታጭዶ ሲፈጥን፣ ከ3 በመቶ በላይ ባጋደለ ቦታ ላይ ባንዲራ ማቆም አስቸጋሪ ነው፤ ኳስ አልቆም ይላል። በየግሪኑ ላይ ቢያንስ አራት ወይም አምስት ለጥ ያሉ ቦታዎች ተበታትነው ይኑሩ፣ በመካከላቸው መሬቱ እንደፈለገ ይውጣ ይውረድ።

አንዲት ነገር ልጨምር፣ ትንሽ ብትመስልም በየቀኑ የምታናድድ ናት። የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ወደ ምሥራቅ አይመልከቱ፣ የመጨረሻዎቹም ወደ ምዕራብ። ጠዋት የጀመረ ሰው ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ኳሱን አያይም፣ ማታ የሚጨርሰውም እንዲሁ። ሜዳው አንዴ ከተሠራ ይህን ማስተካከል አይቻልም።

የጥገና በጀት ላይ ኮሚቴው ከአሁኑ በጽሑፍ ይስማማ። ሁለተኛ ሜዳ የሚሞተው ሲነደፍ ሳይሆን ከተከፈተ በኋላ ነው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ከእሱ ነው፤ ግሪኑ በሳምንት ያነሰ ይታጨዳል፣ አሸዋው አይሞላም፣ ያረጀው ማጨጃ ለእሱ ይተላለፋል። አባላቱ ይህን ወዲያው ያዩታል። የሰፊ ፌርዌይ ማጨጃ ወጪ እንደሚጨምር እውነት ነው፣ ባንከር መቀነሱ ግን ከዚያ ላይ ያቃልላል። የሁለቱ ሜዳ ግሪኖች በአንድ መርሐ ግብር፣ በአንድ ዓይነት ማሽን ይታጨዱ ብላችሁ ደንብ አውጡ። የክለቡ ዋና ውድድርም ቢያንስ አንዱ ዙር አዲሱ ላይ ይደረግ።

ስሙን ደግሞ "ቁጥር ሁለት" አትበሉት። ከጅረቱ ወይም ከተዳፋቱ ስም አውጡለት።

አሁን በተግባር ምን ይደረግ ካሉኝ፣ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት የሁለቱንም መሬት ከፍታ በአንድ ላይ የሚያሳይ ካርታ አሠሩ፣ መስመሮቹ በየግማሽ ሜትሩ ይሁኑ። አፈሩን በተለያየ ቦታ አስቆፍራችሁ አስመርምሩ። ጅረቱ በክረምት እስከ የት እንደሚደርስ ከአካባቢው ሰው ጠይቃችሁ መሬት ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ነዳፊው ሦስት የተለያዩ የጉድጓድ አቀማመጦች ያቅርብ፦ አንዱ በአዲሱ መሬት ላይ ብቻ፣ ሁለቱ ደግሞ ከነባሩ ሜዳ ጥቂት ጉድጓድ የሚዋሱ። ሦስቱንም በእግራችሁ ዙሯቸው። ስትዞሩም ከክለቡ ጎበዝ ተጫዋቾች ጋር ብቻ አትሂዱ፣ ከሁሉም አጭር የሚመቱትን አባል ይዛችሁ ሂዱና በየጉድጓዱ ቆም እያላችሁ "እዚህ ምን ያደርጋሉ?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ሁለት መልስ ካላቸው ጉድጓዱ ጥሩ ነው። አንድ ብቻ ካላቸው ነዳፊው እንደገና ይሞክር።